የሙከራ ዲዛይን ስንለይ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የግብርና ተማሪዎች ዳታ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው መደብ (የማሳው ቁራሽ) የትኛውን ዘዴ እንደሚያገኝ የሚወስነው እጣ እንዴት ወጣ? ብዙዎቹ መልስ ፍለጋ ኤክሴል ይከፍታሉ። ዲዛይኑ ግን ያለው ማሳው ላይ ነው፣ እጣው በወጣበት ቀን።

እጣ የሌለበትን ጥናት ሙከራ አትበሉት። ጤፍ በመስመር የዘሩ ገበሬዎችን በብተና ከዘሩት ጋር ማወዳደር ጠቃሚ ነው። ግን አዘራሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ምርቱ የጨመረው በመስመር በመዘራቱ ይሁን መሬቱ ቀድሞም ለም ስለነበር፣ መለየት ይቸግራል።

"ሦስት ድግግሞሽ አለው፣ እንግዲህ አርሲቢዲ ነው" ይሉኛል። አርሲቢዲ ማሳው ብሎክ በሚባሉ፣ ውስጣቸው ተመሳሳይ በሆኑ ክፍሎች ተከፍሎ በየብሎኩ ለብቻ እጣ የሚወጣበት ዲዛይን ነው። ድግግሞሽ ሁሉ ግን ብሎክ አይደለም። ማሳው ተዳፋት ሆኖ ላይኛውን፣ መሀሉንና ታችኛውን ለይታችሁ በየክፍሉ ለብቻ እጣ ካወጣችሁ ብሎክ አላችሁ። መደቦቹን ሁሉ ቀላቅላችሁ አንዴ ካወጣችሁ ግን ሲአርዲ (ብሎክ የሌለው ዲዛይን) ነው።

ፋክቶሪያልም የዲዛይን ስም አይደለም። ትሪትመንቶቹ (የምታወዳድሯቸው ዘዴዎች) እንዴት እንደተጣመሩ ብቻ ነው የሚናገረው። 3 የእርሻ ጥልቀትና 4 ዝርያ 12 ጥምረት ይሰጣሉ። እነዚህ መደቦቹ ላይ እንዴት እንደተደለደሉ ገና አልታወቀም።

ከባዱ ስህተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በየትንሿ መደብ ጥልቀት መቀያየር ለትራክተር አይመችም። ስለዚህ ሰፊው መደብ በአንድ ጥልቀት ይታረስና ውስጡ ለ4ቱ ዝርያዎች ይከፋፈላል። እጣው ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ ለጥልቀቱ ከዚያ ለዝርያው፣ ወጣ ማለት ነው። ይሄ ስፕሊት ፕሎት ነው። በ3 ብሎክ እንደ ተራ አርሲቢዲ ብታሰሉት የኤረሩ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (በመደቦች መካከል ያለውን የዘፈቀደ ልዩነት ለመገመት የሚያገለግለው ነጻ መረጃ ብዛት፤ ሲያንስ ልዩነትን ማረጋገጥ ይከብዳል) 22 ይሆናል። በትክክል ሲሰላ ግን ለጥልቀቱ 4 ብቻ ነው የሚደርሰው፤ 18ቱ ለዝርያውና ለመስተጋብሩ (የዝርያው ውጤት እንደ ጥልቀቱ ለመለያየቱ) ነው። አንዲት ተማሪ ዋናው ግኝቷ የጥልቀቱ ልዩነት ነበር። ስሌቱን አብረን ስናስተካክል ጠፋ። አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆማ የሰበሰበችው ዳታ ነው፤ ፊቷ ዛሬም አይረሳኝም።

ናሙናን እንደ ድግግሞሽ መቁጠርም አለ። ኢኮሎጂስቱ ስቱዋርት ሀርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 "ሱዶሪፕሊኬሽን" (የውሸት ድግግሞሽ) ብሎ የጻፈበት ስህተት ነው። እጣው የደረሰው ለመደቡ እንጂ ለእያንዳንዱ ተክል አይደለም። ከአንድ መደብ 10 ተክል ከለካችሁ አማካዩን ወስዳችሁ አንድ ቁጥር አድርጉት።