«ይችን ሄግ ላኪልኝ»፦ መንግሥትን በዓለም አቀፍ ሕግ ለመጠየቅ ስንነሣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከአዘዞ በኩል አንዲት እናት መጡ። ከነጠላቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ ይችን ሄግ ላኪልኝ» አሉኝ። የተወሰደባቸው የእርሻ መሬት ካሳ ነው ነገሩ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲባል ሰምተው ያደጉ ሴት መብቴ ብለው መነሣታቸው ልቤን ነካው። በሩን ግን ስተውታል።

በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የሚያከራክረው አገርን ከአገር ነው። ዲያሎ የተባለው ጊኒያዊ ነጋዴ ከኮንጎ ሲባረር የከሰሰችለት አገሩ ጊኒ ናት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. 95 ሺሕ ዶላር ካሳ ተወስኗል። ከገዛ መንግሥቱ ጋር የሚሟገት ሰው በዚያ አይገባም። እዚያው ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለ የመሬት ካሳ ክርክር አያይም፤ ኢትዮጵያም አባል አይደለችም።

ሌላው ስህተት «አገራችን ፈርማለች» ሲባል «መክሰስ እንችላለን» ብሎ መስማት ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ1993 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ ግለሰብ እንዲያመለክት የሚፈቅደውን ተጨማሪ ስምምነት (ፕሮቶኮል) ግን አልተቀበለችም። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የተቋቋመበትን ፕሮቶኮልም አላጸደቀችም። ለእኒህ እናት የሚሆነው ጋምቢያ፣ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ የሚሠራበት የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 14 የንብረት መብትን ይጠብቃል።

ሰውን ከሁሉ አብዝቶ የሚጎዳው ግን እዚህ ያለውን ሳይጨርሱ መዝለል ነው። እናታችን የታችኛው ፍርድ ቤት ሲወስንባቸው ይግባኝ አላሉም፤ «እነሱ ያው ናቸው» ብለው ተዉት። በቻርተሩ አንቀጽ 56 መሠረት ኮሚሽኑ የአገር ውስጡ መፍትሔ ተሟጧል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይግባኝ፣ ሰበር፣ የየእርከኑ የውሳኔ ግልባጭ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ያለ ልክ ከተጓተተ የአገር ውስጡን መጨረስ አይጠየቅም፤ መጓተቱን የሚያስረዳው ግን የቀጠሮ ወረቀት ነውና አትጣሉት። የአገር ውስጡ ካለቀ በኋላም አቤቱታውን ለኮሚሽኑ ማዘግየት ያስጥላል።

ስድብም ያስጥላል። በማመልከቻው ላይ «ሌቦች» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ነበር፤ ጸሐፊው እንደነገሩት ተይቦታል። አንቀጽ 56 የስድብ ቃል ያለበትን፣ ከዜና ማሰራጫ በተሰማ ወሬ ላይ ብቻ የቆመውንም አቤቱታ አይቀበልም። ስምን ከመንግሥት መሰወር ይቻላል፤ ከኮሚሽኑ ግን አይቻልም።

ቶሎ ያልቃል ብለውም አይጠብቁ። ተጠልፋ ስለተደፈረች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በ2007 እ.ኤ.አ. የቀረበው አቤቱታ ኮሚሽኑ 150 ሺሕ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት እስኪወስን ስምንት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ብዙ ጠበቃ እንኳ የሚዘነጋው ደግሞ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። አንቀጽ 13(2)ም የመብት ድንጋጌዎች ከእነሱ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ስለዚህ ቻርተሩን ለመጥቀስ ባንጁል መድረስ አያስፈልግም፤ እዚሁ ጎንደር ችሎት ፊት ይጠቀሳል።

የእናታችን የይግባኝ ጊዜ ሊያልፍ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። «ሌቦች» የሚለውን ሰርዘን አንቀጽ 14ን ጨመርን፤ በማግሥቱ የውሳኔውን ግልባጭ ልንጠይቅ አብረን መዝገብ ቤት ሄድን።