የቀን ተከታታይ ድራማ ዋና ጸሐፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ በሥራ ቀናት፣ በቀን ሰዓት የሚተላለፉትና «ሶፕ ኦፔራ» በሚል ስም የሚታወቁት ተከታታይ ድራማዎች በሳምንት አምስት፣ በዓመት ደግሞ ወደ 250 የሚጠጉ ክፍሎች እየተሠሩላቸው ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቁ ናቸው። «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ድረስ ታይቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ያህል ዕድሜ ባለው ሥራ ላይ የሚመደብ ዋና ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ሌሎች የፈጠሯቸውን ሰዎች የሚረከብ ባለአደራ ነው። የመጪዎቹን ወራት ታሪክ እርሱ ይነድፋል፤ ከሥሩ ያሉት ጸሐፊዎች ንድፉን ለየዕለቱ ክፍል ይሸነሽኑታል፤ ሌሎች ደግሞ ቃለ ተውኔቱን ይጽፋሉ። በመሆኑም አንድ የተሳሳተ ውሳኔው ለወራት፣ በየቀኑ፣ ተመልካቹ ቤት ይገባል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በእኔ እምነት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ እርሱም የተመልካቹ ትዝታ ከጸሐፊው የሥራ ውል እጅግ የሚረዝም መሆኑን መዘንጋት ነው።

ያለፈውን ሳያጠኑ ብዕር ማንሣት

ዳግላስ ማርላንድ በ1985 የ«አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ዋና ጸሐፊ ሲሆኑ ድራማው ከተጀመረ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ማርላንድ ለሙያ ባልደረቦቻቸው በተዉት ምክር ውስጥ አዲስ ጸሐፊ አስቀድሞ ድራማውን እንዲመለከት፣ የኋላ ታሪኩን እንዲያጠና፣ የተመልካቾችን ደብዳቤ እንዲያነብ፣ በሥራው ላይ ያሉትን ሁሉ እንዲያነጋግር፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራትም ማንንም እንዳያሰናብት አሳስበዋል። እርሳቸው ራሳቸው የሠሩት ምክሩን ያስረዳል። በገጠር ካሳለፉት ልጅነታቸው የቀዱትን፣ በእርሻ የሚተዳደረውን የስናይደር ቤተሰብ ወደ ድራማው ሲያስገቡ፣ እንግዶቹን በተመልካቹ ላይ አልጫኑበትም። ተመልካቹ የባለጸጋዋ የሉሲንዳ ዋልሽ የጉዲፈቻ ልጅ መሆኗን የሚያውቃት ወጣቷ ሊሊ፣ ወላጅ እናቷ ከስናይደር ልጆች አንዷ የሆነችው አይቫ መሆኗ እንዲገለጥ አደረጉ። እንግዳው ቤተሰብ በዚህ መንገድ ተመልካቹ አስቀድሞ ለሚሳሳላት ልጅ ዘመድ ሆነ። ከዚህ በተቃራኒ ነባሮቹን ተዋንያን ዳር አስይዞ፣ ከማንም ጋር የማይዛመዱ መልከ መልካም ወጣቶችን በጅምላ የሚያስገባ ጸሐፊ ሁለቱንም ያጣል።

ታሪክን ማጥናት ግን በንድፍ መታሰር ማለት አይደለም። ዊሊያም ቤል በ«ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» ላይ በ1980 ቪክተር ኒውማንን ያስገቡት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር፤ ሰው በቤቱ ምድር ቤት የሚያስር ጨካኝ ባል ሆኖ ታይቶ እንዲሄድ ታስቦ። ሆኖም ቤል የተዋናዩን የኤሪክ ብሬደንን ኃይል ሲያዩ ዕቅዳቸውን ለወጡ፤ ክፉውን ሰው በአንድ ጀምበር መልአክ አላደረጉትም፤ በሕፃናት ማሳደጊያ ያሳለፈውን ልጅነቱን ቀስ በቀስ ገለጡት እንጂ። ቪክተርም የድራማው ዋልታ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አግነስ ኒክሰን በፈጠሩት «ኦል ማይ ችልድረን» ላይ ኤሪካ ኬን የተባለችው ገጸ ባሕርይ በ1973 ፅንስ አስወረደች። ይህ የሆነው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በሕግ ከፈቀደ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሆን፣ ኤሪካም ውሳኔውን የወሰነችው በሞዴልነት ሥራዋ መቀጠል ስለፈለገች ነበር። ተመልካቹ ይደግፍም ይቃወም፣ ነገሩ መፈጸሙን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የኤሪካን እናትነት፣ እልኸኝነትና ጸጸት ሁሉ ይህን እያወቀ ተከታትሏል። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2006፣ በሜጋን ማክታቪሽ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ ሐኪሙ ፅንሱን ሳያስወርድ በድብቅ ወደ ሚስቱ ማህፀን እንዳዛወረውና ልጁ ጆሽ የሚባል ጎልማሳ ሆኖ እንደሚኖር ተገለጠ። በ1973 ይህን ማድረግ የሚችል ሕክምና አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ የላብራቶሪ ፅንስ ልጅ እንኳ የተወለደችው በ1978 ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹን ይበልጥ ያስቆጣው የሕክምናው ስህተት አይመስለኝም። አንዲት ሴት የወሰደችው ውሳኔና የከፈለችው ዋጋ፣ እርሷ ሳታውቀው ከሕይወቷ ተፍቆ መገኘቱ ነው። ጸሐፊ ባለፈው ላይ ሊጨምርና ትርጉሙን ሊያሰፋ ይችላል፤ ተመልካቹ አብሮ የኖረበትን እውነት ግን የመሻር መብት የለውም።

በ«ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ላይ በ2003 እና 2004 የታየው የተከታታይ ገዳይ ታሪክም ከዚህ ወገን ነው። ነባር ገጸ ባሕርያት አንድ በአንድ ተገደሉ፤ ከ1965 ጀምሮ የድራማው አያት የነበሩት አሊስ ሆርተን ሳይቀሩ። ከዚያም ሁሉም በአንዲት ደሴት ላይ በሕይወት ተገኙ። ለቀብር ያለቀሰ ተመልካች እንባው ለከንቱ መሆኑን ሲያውቅ፣ ለሚቀጥለው ሞት የሚያዝንበት ምክንያት አይኖረውም።

የቤቱን ምሰሶ መንቀል

በ«ጋይዲንግ ላይት» ላይ ሞሪን ባወር ደማቅ ታሪክ ያላት ገጸ ባሕርይ አልነበረችም። ሌሎቹ የሚያማክሯት፣ በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡባት ሴት ነበረች። በጥር 1993 የባሏን የኤድን ክህደት ሰምታ በበረዶ መንገድ ላይ መኪና ስታሽከረክር በአደጋ ሞተች። ክፍሎቹ በእርግጥ በጥሩ ሁኔታ ተጽፈዋል፤ ተዋናይቷ ኤለን ፓርከርም ለዚያ ሥራዋ የኤሚ ሽልማት ተቀብላለች። ሆኖም በነጋታው የሚጽፈው ሰው ገጸ ባሕርያቱን የሚያገናኝበት ቤት አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋ በተመልካች ብዛት መለካት አይቻልም፤ ዋጋው የሚታየው ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት ሰው ሲያጡ ነው።

ድንጋጤን ዘዴ ማድረግ

የ«ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ዋና ጸሐፊ ጄምስ ሪሊ በ1993 ካርሊ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ከነሕይወቷ አስቀበሯት፤ ቀጥለውም ዶክተር ማርሊናን በሰይጣን አስያዟት። የ«ዴይስ» ተመልካችም በዛ። ፍርዴ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ምክንያቱም የካርሊ ታሪክ መነሻ በቀበረቻት በቪቪየን ቅናትና በቀል ላይ የቆመ ስለነበር ልብ አንጠልጣይነቱ ከሰው ጠባይ የመነጨ ነበር። የሰይጣኑ ታሪክ ግን ማርሊናን ከራሷ ነጥቆ ለወራት ሌላ ሰው አደረጋት፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎች ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ተከተሉት። በ1998 «ጋይዲንግ ላይት» ሬቫ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ በክሎኒንግ ሲያባዛት የደረሰበት ደረጃ ይህ ነበር። አስደንጋጭ ነገር የሚቀጥለውን ይበልጥ አስደንጋጭ እንዲሆን ያስገድዳል፤ መጨረሻውም የለውም።

ለኀዘን ጊዜ መንፈግ

ክሌር ላቢን በ1994 በ«ጀነራል ሆስፒታል» ላይ የሠሩት የዚህ ሙያ ከፍተኛው ምሳሌ ነው ባይ ነኝ። ትንሿ ቢጄ በትምህርት ቤት አውቶብስ አደጋ አንጎሏ መሥራት ያቆማል፤ የአጎቷ ልጅ ማክሲ በበኩሏ ልብ ካልተገኘላት ልትሞት ነው። የቢጄ ወላጆች የልጃቸውን ልብ ለማክሲ ይሰጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቢጄ አባት ዶክተር ቶኒ ወደ ማክሲ አልጋ ጠጋ ብሎ፣ ጆሮውን ደረቷ ላይ አሳርፎ የልጁን ልብ ምት ያዳምጣል። ንግግር የለም፤ አያስፈልግምም። ያ ትዕይንት የሠራው ተመልካቹ ሁለቱንም ልጆች ለዓመታት ስለሚያውቅና ላቢን የቤተሰቡን ኀዘን ሳይጣደፉ፣ ሰው በሰው፣ ከክፍል ክፍል ስላሳዩት ነው። ሞትን በሰኞ ክፍል አሳይቶ በሐሙስ ወደ ሠርግ የሚሄድ ጸሐፊ ይህን ሊያገኝ አይችልም።

ታሪኩን ወደ ስብከት መለወጥ

ቁም ነገር ማስተማር በራሱ ስህተት አይደለም። አግነስ ኒክሰን በ1962 በ«ጋይዲንግ ላይት» ላይ ስለ ማህፀን ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲጽፉ፣ ጣቢያውና ስፖንሰሩ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል «ካንሰር» እና «ማህፀን» የሚሉት ቃላት እንዳይነሡ ከልክለው ነበር። ኒክሰን ትምህርቱን በተመልካቹ ዘንድ የቤት ሰው በሆነችው በበርት ባወር በኩል አሳለፉት። ላቢንም በ1995 የኤድስን ጉዳይ ሲያነሡ፣ የፍቅረኛዋን የስቶንን ሞት የምታስታምመው፣ ቫይረሱም በደሟ የተገኘው ሮቢን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በድራማው ያደገች ልጅ ነበረች። ለትምህርቱ ሲባል ብቻ መጥቶ፣ ታሞ፣ መልእክቱን ተናግሮ የሚሄድ እንግዳ ገጸ ባሕርይ ግን ማንንም አያስተምርም።

ግፍን በፍቅር መሸፈን

በ1979 በ«ጀነራል ሆስፒታል» ላይ ሉክ ላውራን ደፈራት። ጥንዶቹ በተመልካች ዘንድ ሲወደዱ ድራማው ድርጊቱን ወደ ማባበል ለወጠው፤ በኅዳር 1981 የተላለፈውን ሠርጋቸውን 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። በቀን ድራማ ታሪክ ታላቁ ስኬት የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ መሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎችን ደፋሪን በፍቅር ማንጻት እንደሚቻል አሳመናቸው። ስህተቱን ለማረም የተሞከረው በ1998 ነው፤ ያደገው ልጃቸው ላኪ እውነቱን ሰምቶ አባቱን ሲጋፈጥ፣ ድራማው ለ19 ዓመታት በሌላ ስም ሲጠራው የቆየውን ድርጊት በራሱ ስም ጠራው።