ከቤዛዊት ቁልቁል ለምትወርዱ፦ የጭን ሕመምን አስቀድሞ መቀነሻ

በባሕር ዳር ሜዳማ መንገዶች መራመድና መሮጥ የለመደ ሰው አንድ ቀን ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ሲመለስ፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው ድረስ የፊት ጭኑን ያመዋል። ተጠያቂው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ስንወርድ የጭን ጡንቻ ሰውነታችንን እንደ ፍሬን ስለሚይዝ፣ ለመኮማተር እየታገለ ሳለ ይለጠጣል፤ ይህም ያልለመዱትን የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ይጎዳቸዋል። ዘወትር የሚወቀሰው ላክቲክ አሲድ (በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር ንጥረ ነገር) ግን እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሚጠረግ፣ የሁለተኛውን ቀን ሕመም ሊያስከትል አይችልም።

መላው ይህ ነው፦ ረጅሙ ጉዞ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ቁልቁለት በዝግታ ውረዱ፤ ኮረብታው ለራቀው ሰው የፎቅ ደረጃ መውረድም ይበቃል። ጡንቻው ከዚያች ትንሽ ጉዳት ሲያገግም ለተመሳሳይ ጫና ስለሚዘጋጅ፣ ቀጣዩ ቁልቁለት የሚያስከትለው ሕመም በእጅጉ ያነሰ ይሆናል፤ ጥበቃውም ለሳምንታት ይቆያል። በጉዞው ዋዜማ መሞከር ግን ሕመሙን ይዞ ከመሄድ በቀር ትርፍ የለውም። የፕሮቲን ዱቄትም ይህን ልምምድ አይተካም፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ብሎ መግዛት በእኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው።

የጉልበት ጉዳት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ከእንቅስቃሴ በኋላ ሕመሙ እጅግ ከበረታና ሽንት ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ፣ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።