ለዓመታት የቆመን ፔጆ 404 እንደገና ማስነሳት

በሐረር ጎዳናዎች ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለው ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበ መኪና ሲሆን፣ ሞተሩ ቀላል በመሆኑ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ይሁን እንጂ የከተማችን ቁልቁለት ያስታል፤ ባለቤቱ ጎረቤት ጠርቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ እያስገፋ ሊያስነሳው ይሞክራል። ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም። ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው ከሆነ፣ በድንገት ሲጎተቱ ይሰበራሉ ወይም ግድግዳውን ይቧጭራሉ።

ሥራው የሚጀመረው ከባትሪው ሳይሆን ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ነው። ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት በተራቸው ምልክት ይደረግባቸው፤ ከዚያም አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይትና ናፍጣ ድብልቅ ይጨመርና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ካንዴላዎቹ እንደወለቁ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በአራተኛ ማርሽ ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ይነቅነቅ። እምቢ ካለ ጉልበት ከመጨመር ድብልቁን ጨምሮ መጠበቅ ይሻላል፤ ሳምንት ቢፈጅ እንኳ ከአዲስ ፒስተን ይረክሳል። የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ማለትም ቴስታታውን፣ ለማውረድ የተገደደ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የዚህ ሞተር ካሚቻዎች፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ ከብሎኩ የሚወጡና ውኃ በቀጥታ የሚነካቸው በመሆናቸው፣ በብሎንና በወፍራም ሮንዴላ ሳይታሰሩ ሞተሩ ከተዞረ ከሥራቸው ያለው ማሸጊያ ይናጋል።

ሞተሩ በነፃነት ሲዞር ዘይቱ ይቀየር። የወጣው ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ጎማ ተቀዷል ማለት ነውና እሱም አብሮ መቀየር አለበት።

ቀጥሎ፣ ቤንዚን ከመግባቱ በፊት፣ እሳቱ ይፈተሽ። ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ ብረቱ የሞተሩን አካል እንዲነካ ተደርጎ ማስነሻ ሞተሩ (ሞተሪኖው) ሲዞር ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ በሻገተ ፑንቲና ላይ፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን በሚያስነሳው መገናኛ ላይ ነው፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከተጠረገ በኋላ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረግ።

አሮጌውን ቤንዚን ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ቁጠባ አይደለም፤ ታንኩ ሙሉ በሙሉ ይደፋ፣ ካርቡሬተሩም ተፈትቶ ይታጠብ። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ መጎርጎር ስለሚያሰፋቸው በአየር ግፊት ብቻ ይከፈቱ። እዚህ ላይ ከፍታችን ይቆጠራል፦ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ድሬዳዋ ላይ በትክክል የተስተካከለ ካርቡሬተር ሐረር ሲደርስ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ መካኒኩ ፋሻ ከመወንጀሉ በፊት ይህንን ያስብ።

ራዲያተሩ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ከሞቀ በኋላ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ በካሚቻዎቹ ማሸጊያ ወይም በቴስታታው በኩል ገብቷል። የፍሬን ጎማዎቹና ፈሳሹ ሳይቀየሩ ግን መኪናውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ፈጽሞ አይገባም።