የአቼቶን ሞላሪቲ በታይትሬሽን ማስላት

በቱሉ ዲምቱ ለማስተምራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስቶይኪዮሜትሪን፣ ማለትም በኬሚካዊ ለውጥ የሚዋሃዱትን ነገሮች መጠን የማወቂያውን፣ ስሌት የማስጀምራቸው ከሰፈር ሱቅ በተገዛ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነው። በአቼቶው ውስጥ ያለውን የአሴቲክ አሲድ መጠን ለማወቅ፣ ሞላሪቲው (በአንድ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ያለው የሞል ብዛት፤ ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) አስቀድሞ ከታወቀ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ጋር በጠብታ እናገናኘዋለን፤ ይህ ታይትሬሽን ይባላል፤ ስሌቱም የሚቆመው በሁለቱ የሞል ምጥጥን ላይ ነው።

አቼቶው እንዳለ ስለሚበረታ መጀመሪያ መቅጠን አለበት። 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወስደው በ100 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ እስከ ምልክቱ ድረስ ዲስትልድ ውሃ ይሙሉበት። በጀሪካን የተቀዳ ውሃ አይሆንም፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ባይካርቦኔት ስላለው ከአሲዱ ጋር አስቀድሞ ይዋሃዳል።

ከቀጠነው 20 ሚሊ ሊትር ወደ ኮኒካል ፍላስክ ያስገቡና ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን፣ አሲዱ ሲያልቅ ወደ ሮዝ የሚለወጥ ጠቋሚ፣ ይጨምሩበት። ይህ ፍላስክ በዲስትልድ ውሃ ረጥቦ ቢገኝ ችግር የለውም፣ ውሃው የአሲዱን ሞል አይጨምርም አይቀንስምና፤ ቢውሬቱ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ በጠብታ የሚወርድበት ባለመዝጊያ መለኪያ ቱቦ፣ ግን ከመሞላቱ በፊት በራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ መለቅለቅ አለበት፣ አለዚያ ብጥብጡ ይቀጥናል። ፍጻሜው ሲቃረብ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሮዝ ይሆንና ፍላስኩን ሲያወዛውዙት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በአንድ በአንድ ጠብታ ይሂዱ፤ ፈዛዛው ሮዝ ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ሲቆይ ቢውሬቱን ይዝጉት። ተማሪዎች ደማቁን ቀለም ይወዱታል፣ ደማቅ ከሆነ ግን አልፏል፤ ይደገማል።

የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሞላሪቲ 0.100 ነው፤ የቢውሬቱ ንባብ ከ0.40 ተነስቶ 16.80 ላይ ቆመ እንበል። የፈሰሰው 16.40 ሚሊ ሊትር ወይም 0.01640 ሊትር ስለሆነ፣ በ0.100 ሲባዛ 0.00164 ሞል ይሆናል። በተመጣጠነው እኩልታ አንድ ሞል አሴቲክ አሲድ የሚፈልገው አንድ ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በመሆኑ አሲዱም 0.00164 ሞል ነው፤ ይህ ለ0.0200 ሊትር ሲካፈል 0.082 ሞላር ይሰጣል። አቼቶው አሥር እጥፍ ስለቀጠነ ዋናው 0.82 ሞላር ነው፤ በሞላር ክብደቱ በ60.05 ሲባዛም በሊትር 49 ግራም ገደማ፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 4.9 ግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ ተቀራርቧል።

በርካታ ተማሪዎች ለማቅጠን የተማሩትን «ሞላሪቲ ሲባዛ በቮልዩም በሁለቱም በኩል እኩል ነው» የሚለውን አቋራጭ እዚህም ያመጡታል። ለአቼቶ የሚሠራው ምጥጥኑ በአጋጣሚ አንድ ለአንድ ስለሆነ ብቻ ነው። በአሴቲክ አሲዱ ፋንታ ሰልፈሪክ አሲድ ቢኖርና ያው 16.40 ሚሊ ሊትር ቢፈስ፣ አንድ ሞል ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ 0.00164 ለሁለት መካፈል ነበረበት፤ ትክክለኛው መልስ 0.041 ሞላር ሲሆን በአቋራጩ የመጣው እጥፉ ነው።

የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱንም ጠርሙስ ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ ጠጣር ፍሬው ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ፣ ተመዝኖ የተዘጋጀው «0.100» አንሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከአቼቶው በፊት፣ በትክክል በተመዘነ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት (ጠጣር አሲድ)፣ ምጥጥኑ አንድ ለአንድ በሆነበት በዚሁ ስሌት፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ይለኩት።