የኩላንቱ ሌባ ተያዘ

ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ የመኪናዬ የሙቀት ጌጅ ከፍ ከፍ ይላል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ኩላንቱም ይጎድላል። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ግሎ እያለ ኩላንቱ የሚበርድበትን የራዲያተሩን ክዳን መክፈት የለም፤ የጋለው ኩላንት በግፊት ተፈናጥሮ ፊት ይልጣል። የፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ኩላንት ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። እስከ ላይኛው ሞላሁት፤ ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩ። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

ቱቦዎቹን በእጅ ባትሪ እያበራሁ አንድ በአንድ አየሁ። የላይኛው ቱቦ ራዲያተሩ ላይ በሚገባበት አንገት ዙሪያ ነጣ ያለ አረንጓዴ ቅርፊት ተጋግሯል። ሌባው እሱ ነው! ሞተሩ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፣ ኩላንቱ በጥቂቱ ይወጣል፣ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የቱቦው ጫፍ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ቱቦውንም ማሰሪያውንም ቀየርኩ።

«ውሃ ብቻ ጨምርበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ለደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ አያዋጣም፤ ንጹህ ውሃ በረዶ ሆኖ ሞተር ሊሰነጥቅ ይችላል። እኔ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርጌ ሞላሁ። የፈሰሰውን በደንብ እጠቡት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ መርዝ ነው።

ዳገቱን ደግሜ ወጣሁት፤ ጌጁ መሃል ላይ ቆሟል።