አሰልጣኝ ልቀይር ወይስ ልቆይ? ለጅማ ቦክሰኞች

ጅማ ውስጥ ቦክስ የጀመረ ልጅ አሰልጣኙን በስሙ አይጠራም። "ጋሼ" ነው የሚለው። የመጀመሪያውን ጓንት ያዋሰው ጋሼ ነው። ከቤተሰቡ ሲጣላ ያስታረቀው ጋሼ ነው። በማለዳ ጭቃ እየረገጠ የጅሬንን ዳገት አብሮት የወጣው ጋሼ ነው። ታዲያ ልጁ አድጎ ፕሮፌሽናል ሲሆን "ሌላ አሰልጣኝ ያስፈልገኝ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ይመጣበትና እንቅልፍ ያጣል። ለማንም አይናገርም። ወይ ውስጡ እየተቃጠለ ይቆያል፣ ወይ አንድ ቀን ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። "አንተ" እያልኩ ብጽፍም ለሴት ቦክሰኞቻችንም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽንፈት ማግስት አትወስን

ከተሸነፍክ ቢያንስ 2 ሳምንት ዝም በል። ፊትህ ይዳን፣ የሰፈሩ ወሬም ይብረድ። በእነዚያ ቀናት ቡና የሚጠጣው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። "እኔ ብሆን ኖሮ" የማይልህ የለም።

ቦክሰኛው ቭላድሚር ክሊችኮ በ2004 ከአሰልጣኝ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ጋር ሆኖ ባደረገው የመጀመሪያ ፍልሚያ በላሞን ብሩስተር ተሸነፈ፤ ያውም በ5ኛው ዙር። አዲስ አሰልጣኝ ይዞ ወዲያው ሽንፈት! ሌላው ቢሆን በዚያው ሳምንት ያሰናብተው ነበር። ክሊችኮ ግን ስቱዋርድ በ2012 እስኪሞት ድረስ አልተለየውም። በ2006 የከባድ ሚዛን ቀበቶ አጠለቀ፤ እስከ 2015 ድረስም ማንም አልነጠቀውም።

ደብተር ያዝና ቪዲዮውን ክፈት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጠው። ያለፉትን 3 ፍልሚያዎችህን ቪዲዮ ሰብስብ። ከኮርነርህ (በዕረፍት ከምትቀመጥበት የሪንግ ጥግ) አጠገብ ሆኖ በስልክ የቀረጸ ጓደኛ ካለህ በጣም ጥሩ፣ ድምፁ ይሰማል። ከሌለህ የምታስታውሰውን ጻፍ።

አብዛኛው ሰው የሚያየው ፍልሚያውን ነው። አንተ ዕረፍቱን እይ። አንድ ዙር 3 ደቂቃ ነው (ለሴቶች ብዙ ጊዜ 2)፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ። ከዚያች ደቂቃ ላይ እስክትቀመጥ፣ የጥርስ መከላከያው እስኪወጣ፣ ውኃ እስክትጎነጭ ድረስ ያለውን ቀንስ። ለንግግር የሚተርፈው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ቢሆን ነው። የአሰልጣኝህ ዕውቀት የሚለካው እዚያች ላይ ነው።

ደብተርህ ላይ ለእያንዳንዱ ዕረፍት ሦስት ነገር ጻፍ። ምን አለኝ? አደረግኩት? ሠራልኝ?

ከዚያ ገጹን አንብብ። የተባልከውን ሳታደርግ የተሸነፍክባቸው ዙሮች ከበዙ፣ አሰልጣኝ ብትቀይርም ያንኑ ጆሮ ይዘህ ነው የምትሄደው። የተባልከውን አድርገህ ካልሠራ ግን፣ ፍልሚያውን እየተሳሳተ እያነበበው ነው ማለት ነው። ገጹን የሞላው "በርታ! ምታው! አትፍራ!" ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ከኮርነርህ ያለው ደጋፊ እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። ይህን የምለው በክፋት አይደለም። ብዙ ጥሩ ሰዎች ለአማተር 3 ዙር የሚበቃ ዕውቀት ነበራቸው፤ ለ8 እና ለ10 ዙር ግን አልተዘጋጁም።

አንድ 63 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እዚሁ ጅማ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈና አሰልጣኙን ሊተው ቆርጦ ነበር። ፈረንጅ አራዳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቪዲዮውን አየነው። በእያንዳንዱ ዕረፍት አሰልጣኙ "ግራ እጅህን ቶሎ መልስ" ይለዋል። ልጁ አንድም ዙር አልመለሰም። በዚያ ክፍተት ነው ቀኙን የበላው። አየህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልኩት። ማታ ግን ሳስበው አልተዋጠልኝም። አንድ ስህተት በ6 ዙር ውስጥ አምስት ጊዜ ከተነገረ፣ በልምምድ ቦታ በደንብ አልተሠራበትም ማለት ነው። ኮርነር ማስታወሻ ነው፤ ትምህርቱ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ልጁም አሰልጣኙም ያንን ቪዲዮ አብረው አዩት። ከዚያ ለወራት ጃብ (የፊተኛው እጅ ቀጥተኛ ምት) ወርውሮ መመለስ ብቻ ነበር ሥራቸው። አልተለያዩም።

የኮርነር ዕቃ የሚያዝበትን ባልዲም እይ። ማይክ ታይሰን ፕሮፌሽናል ከሆነ ጀምሮ ያሠለጠነውን ኬቨን ሩኒን በ1988 አሰናበተ። በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ከጄምስ ዳግላስ ጋር ሲፋለም ዓይኑ አበጠ። አዲሶቹ ሰዎች ግን እብጠት የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት እንኳ አልያዙም ነበር። የጎማ ጓንት ውስጥ የበረዶ ውኃ ሞልተው ዓይኑ ላይ ያዙለት። በ10ኛው ዙር ተዘረረ። በረዶ፣ ቫዝሊን፣ ጥጥና ንጹሕ ፎጣ ሳይጓደል የሚይዝ ሰው ስምህን አክብሮ ነው የሚመጣው።

የጎደለህ በእርግጥ አሰልጣኝ ነው?

እኔ እንደማየው፣ ጅማ ላይ አሰልጣኝ የተባለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ችግር ነው። ለዓመታት ከእነዚያው ሦስት ልጆች ጋር ነው የምትሠራው። እነሱ ያንተን ሁሉ ያውቃሉ፣ አንተም የእነሱን። አዲስ ነገር ሳታይ ሪንግ ላይ ትወጣለህ።

የሥልጠና ቀናትህንም ቁጠር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማና ጭነት ላይ ከነበርክ፣ በጥር የሚያጥርህን ትንፋሽ ለአሰልጣኝህ አታሸክመው።

መፍትሔው አሰልጣኝህን አስፈቅደህ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት አዲስ አበባ ሄዶ መሥራት ሊሆን ይችላል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ። ብቻ የመጀመሪያውን ሳምንት ተጠንቀቅ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ትንፋሽህ ሲቆራረጥ "እስካሁን ምንም አልተማርኩም" ብለህ እንዳትደነግጥ። ከፍታው ነው።

ሳትውል ሳታድር የምትወጣበት ጊዜ

በዝረራ ተሸንፈህ በሳምንቱ "ተነስ፣ ስፓሪንግ ግባ" ካለህ፣ ውጣ። በብዙ አገሮች የቦክስ ተቆጣጣሪዎች በዝረራ የተሸነፈን ሰው ከፍልሚያ ያግዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን። ምክንያቱ አንጎል ነው። ራስ ምታትህን ደብቅ የሚልህ፣ ኪሎ ለማውረድ ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚያውጥህ፣ ሐኪም ጋ መሄድህን የሚጠላ ሰው ጋር አትደር። ውለታውን በሌላ ጊዜ ትመልሳለህ።

ፍልሚያው እንዲቆም ፎጣ ስለወረወረብህ ግን አትተወው። በየካቲት 2020 ከታይሰን ፉሪ ጋር በነበረው ፍልሚያ የዲዮንቴ ዋይልደር ረዳት አሰልጣኝ ማርክ ብሪላንድ በ7ኛው ዙር ፎጣ ወረወረ። ዋይልደር ተቆጥቶ አሰናበተው። በ2021 ያለ እሱ ወጣና በ11ኛው ዙር ተዘረረ። ቀበቶህን ሳይሆን ነገህን ያየልህን ሰው ነው የምትለቀው? ይህ ውሳኔ ዛሬም ያበሽቀኛል።

ከወሰንክ፣ ፊት ለፊት ንገረው

በስልክ አይሆንም። በሰው በኩልም አይሆንም። በቴክስትማ ጭራሽ። ከልምምድ በኋላ ሰው ሲበተን ጠብቅ፣ ወይም ቤታቸው ሂድ። ንግግሩን አታርዝመው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

"ጋሼ፣ እዚህ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን መቼም አልረሳም። ቀጣዩን ደረጃ ከሌላ ሰው ጋር ልሞክረው ብዬ አስቤያለሁ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ብዬ ቀድሜ ልነግርዎት መጣሁ።"

ሌላውን ሰው አታወድስ። የድሮ ቂም አታንሳ። ንግግሩ ይከርራል ብለህ ከፈራህ ሁለታችሁንም የሚያከብር ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ያልከፈልከው ገንዘብ ካለ በዚያው ዕለት ክፈል። የተፈረመ ውል ካለ አስቀድመህ አንብበው፤ የአሰልጣኝ ውልና የማኔጀር ውል አንድ አይደሉም። አንዳንዴ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው "እኔም ይህን ልልህ ነበር" ይሉሃል። ያኔ አልቅስ፣ ነውር የለውም።

አዲሱን ሰው እንዴት ትመርጣለህ?

መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እየው። ኮከቡን እንዴት እንደሚይዝ ሳይሆን፣ ጀማሪውንና ደካማውን ልጅ እንዴት እንደሚያናግር ተመልከት። ከዚያ "እኔ ላይ ምን ታስተካክላለህ?" ብለህ ጠይቀው። "ሁሉንም" ካለህ ተጠራጠር። በ1994 ለንደን ላይ ኦሊቨር ማኮል ሌኖክስ ሉዊስን በ2ኛው ዙር ሲዘርረው የማኮል ኮርነር ላይ የነበረው ያው የክሊችኮ አሰልጣኝ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ነው። ሉዊስ ምን አደረገ? ያሸነፈውን ሰው ቀጠረው። ስቱዋርድ ሉዊስን እንደ አዲስ አልፈጠረውም። ጃቡንና የእግሩን ሚዛን አስተካከለለት፤ ሉዊስም እስኪያቆም ድረስ አብሮት ሠራ።

ቀጠሮ የተያዘለት ፍልሚያ ከ2 ወር በታች ከቀረው አትቀይር። እርግጥ ታይሰን ፉሪ በታኅሣሥ 2019 የኢማኑኤልን ዘመድ አሰልጣኝ ሹገርሂል ስቱዋርድን ይዞ በየካቲት 2020 አሸንፏል። ነገር ግን የእነ ስቱዋርድን አሠራር ከ2010 ጀምሮ ያውቀው ነበር። አንተ ገና ቋንቋውን ልትማር ነው።

ክፍያውን በጽሑፍ አድርጉት። የተለመደው የአሰልጣኝ ድርሻ ከፍልሚያው ክፍያ 10 በመቶ ገደማ ነው።

ከአዲሱ ሰው ጋር የመጀመሪያውን ፍልሚያ በ6 ዙር ጀምር፣ ከባድ ስም ያለው ሰው አትምረጥ። ለጋሼ ትኬት ላክላቸው፤ ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ኮርነሩ ላይ ግን በዚያች 1 ደቂቃ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ይህንንም ለጋሼ ቀድመህ ንገራቸው።